የጎንደር ሽመና፦ ሰው ደጋግሞ የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች

ጎንደር ተወልጄ ስላደግኩ ሸማ የፈለገ ሁሉ ወደ እኔ ይደውላል፤ መልሱን አንዴ ልጻፈውና ልረፍ።

ሽመና ምንድን ነው? ሸማስ?

ሽመና ድርና ማግን አጠላልፎ ጨርቅ ማውጣት ነው። ድር በቁመት የተወጠረው ክር ነው። ማግ በአግድም እየተወረወረ በድሩ መሀል የሚያልፈው ነው። ሠሪው ሸማኔ፣ የሚወጣው ጨርቅ ሸማ። ነጠላም፣ ጋቢም፣ የአገር ልብስ ቀሚስም ሁሉም ከሸማ ነው።

ነጠላ፣ ኩታ፣ ጋቢና ቡሉኮ ልዩነታቸው ምንድን ነው?

ውፍረታቸውና ድርባቸው ነው። ነጠላ ስስ ነው፤ ለመከናነብና ለማጣፋት ይመቻል። ኩታ ከነጠላ ጠንከር ይላል፤ ወንዶች ለበዓልና ለቤተ ክርስቲያን ይለብሱታል። ጋቢ አራት ድርብ ነው። ሐምሌ ላይ ጎንደር ውስጥ ማታ ተቀምጦ ያወራ ሰው ጋቢ ለምን እንደተፈጠረ አይጠይቅም። ቡሉኮ ከሁሉም ይከብዳል፣ ክሩ ራሱ ወፍራም ነው፤ ሲታጠብ ሁለት ሰው ይጠይቃል።

አንድ ነገር ልብ በል። ነጠላህን ዘርግተህ ብታየው መሀሉ ላይ በቁመት የተሰፋ መስመር ታገኛለህ። ጉድለት አይደለም። የሸማ ስፋት የሸማኔው ክንድ እስከሚደርስበት ነው። መወርወሪያውን በአንድ እጁ ወርውሮ በሌላው ይቀበላላ! ስለዚህ ጠበብ ያለ ሸማ ይሸመናል፤ ከዚያ ሁለቱ ጎን ለጎን ይሰፋሉ።

ጥጡ ከየት ይመጣል? እንዴትስ ክር ይሆናል?

ጥጥ ቆላ ይወዳል። ጎንደር ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር ባላነሰ ከፍታ ላይ ስላለች ጥጥ አይሆንላትም። የሚመጣው ከታች ከሞቃቱ አገር ነው፤ ከመተማ፣ ከቋራ፣ ከሱዳን ጠረፍ አካባቢ።

የእጅ ፈትል ሲሆን ሥራው ብዙ ነው። መጀመሪያ ጥጡ ይዳመጣል። ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ይደረግና የብረት ዘንግ ይንከባለልበታል፤ ፍሬው ተፈልቅቆ ይወጣል። ቀጥሎ በደጋን ይነደፋል። የደጋኑ ጅማት ሲነዘር ጥጡ እንደ ደመና ይነፋል፤ ባዘቶ የሚባለው ይሄ ነው። ከዚያ እንዝርት ይመጣል። አያቴ እንዝርቷን ጭኗ ላይ በመዳፏ ታሾረውና እጇን ወደ ላይ ስባ ትለቀዋለች። ክሩ ከባዘቶው እየተሳበ ይቀጥናል። እሷ ክሩን አታየውም። የምታየው እኛን ነው፤ ማን ቡና እንዳፈሰሰ፣ ማን ቀድሞ እንደተነሳ። የተፈተለው ተጠቅልሎ ልቃቂት ይሆናል፣ ልቃቂቱም ወደ ሸማኔው ይሄዳል።

ዛሬ አብዛኛው ሸማ ድሩ የፋብሪካ ክር ነው። ምክንያቱ ስንፍና አይደለም። ድር ቀኑን ሙሉ ተወጥሮ ይሳባል፣ ይመታል፣ ይፋተጋል። የእጅ ፈትል አንዱ ቦታ ወፍራም ሌላው ቦታ ቀጭን ስለሆነ በቀጭኑ በኩል ይበጠሳል። ማግ ግን ያን ያህል ጭንቀት የለበትም። ስለዚህ "የፈትል ጋቢ" ሲባል ብዙ ጊዜ ማጉ ፈትል ነው ማለት ነው። ሙቀቱም ልስላሴውም የሚመጣው ከዚያ ነው።

ሸማኔው ለምን ጉድጓድ ውስጥ ይቀመጣል?

ጉድጓድ ውስጥ የሚገባው እግሩ ነው። እሱ ጉድጓዱ አፍ ላይ ይቀመጣል። ከታች ሁለት መርገጫዎች አሉ። አንዱን ሲረግጥ የድሩ ግማሽ ይነሳል፣ ግማሹ ይወርዳል፤ መሀሉ አፍ ይከፍታል። በዚያ አፍ መወርወሪያውን ይሰደዋል። መወርወሪያው ውስጥ ቀሰም አለ፤ ማጉ የተጠቀለለባት ትንሽ ሸምበቆ። ከዚያ ማበጠሪያ የመሰለውን መምቻ ወደ ደረቱ ስቦ ማጉን ያጠብቀዋል። ሌላውን ይረግጣል፣ ይወረውራል፣ ይመታል። በር ላይ ቆመህ ስትሰማው ያው አንድ ዜማ ነው፦ ጠቅ፣ ሽው፣ ደው።

ጉድጓዱ ለምን እንደሚሻል ብትጠይቅ፣ አንደኛ እንጨት ይቆጥባል። መርገጫውን የሚሸከም ረጅም ቋሚ አያስፈልግም፣ መሬቱ ራሱ ቦታ ይሰጣል። ሁለተኛ ድሩ ከመሬት ቅርብ ስለሚሆን እርጥበት ያገኛል፤ ደረቅ የጥጥ ክር ደግሞ ቶሎ ይበጠሳል። ችግሩ ክረምት ነው። ውኃ የሰረገበት ጉድጓድ ውስጥ እግርን ሰዶ መዋል ምን እንደሚያመጣ የሽማግሌ ሸማኔዎችን ጉልበት መጠየቅ ነው።

አሁን ከመሬት በላይ የሚቆም የተሻሻለ የሽመና ዕቃም አለ። ወንበር አለው፣ ጀርባ ያሳርፋል። አንዳንዱ ሽማግሌ ግን ሞክሮት ተመልሶ ጉድጓዱ ውስጥ ገብቷል። ልማድ ነው።

ጥለት፣ ጥበብና ጥልፍ አንድ ናቸው?

አይደሉም፤ ሰው ግን ሁሌ ያምታታቸዋል። ጥለት የሸማው ዳር ላይ የሚወርደው ባለ ቀለም መስመር ነው። ጥበብ የምንለው ጥለቱ ሰፍቶ፣ ቅርጽ ወጥቶለት፣ መስቀሉ፣ ጥርሱና አበባው ሲታይበት ነው። ሁለቱም እዚያው ሽመናው ላይ እያለ የሚገቡ ናቸው። ጥልፍ ግን ጨርቁ ካለቀ በኋላ በመርፌ ወይም በጥልፍ መኪና የሚሠራ ነው። ጥልፉ የሸማኔው ሥራ አይደለም፣ የጠላፊው ነው። አንድ ቀሚስ ላይ ሁለቱም ካሉበት ቢያንስ ሦስት ባለሙያ ነክቶታል፦ ሸማኔ፣ ጠላፊና ልብስ ሰፊ።

ጥበብ ሲሠራ ማየት ትዕግሥት ያስተምራል። ሸማኔው የድሩን ክሮች በጣቱ እየቆጠረ ያነሳል። ሦስት ያነሳል፣ ሁለት ይዘላል፣ አራት ያነሳል። በሥሩ ሳባውን፣ ማለትም የሚያብረቀርቀውን ባለ ቀለም ክር ያሳልፋል። ከዚያ አንድ ማግ ይወረውርና እንደገና ይቆጥራል። ፊቱ የተሳለ ንድፍ የለም። አንዴ አንድ ሸማኔ እየቆጠረ ሳለ ሰላም አልኩት። መልስ የለም። መስመሩን ሲጨርስ ቀና ብሎ "አሁን ደህና ዋልሽ ልጄ" አለኝ። ቁጥሩ ከጠፋው መፍታት አለበታ!

አንድ ልብስ ተሸምኖ ለማለቅ ስንት ቀን ይፈጃል?

ድሩ ተዘጋጅቶ ከተወጠረ፣ ቀጭን ጥለት ያለው ተራ ነጠላ ለጎበዝ ሸማኔ የአንድ ወይ የሁለት ቀን ሥራ ነው። ድሩን ማዘጋጀቱ ግን ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ክሩ ይደወራል፣ ይዘረጋል፣ አንድ በአንድ ቦታ ቦታው ይገባል። ሰፊ ጥበብ ያለው የሙሽራ ቀሚስ ሳምንታት ሊወስድ ይችላል። እጅ ፈትል ከሆነ ደግሞ የፈታይዋን ጊዜ ጨምርበት፤ እሱ ከሽመናው ይበልጣል።

ታዲያ ለዚህ ነው የሚወደደው?

አዎ፣ ግን ይሄ ብቻ አይደለም። የክር ዋጋ አለ፣ በተለይ የሳባው። ከሸማኔው እስከ አንተ ድረስ ያለው ሰንሰለትም አለ። ሸማኔው ክሩን ራሱ ገዝቶ ከሠራ በራሱ ዋጋ ይሸጣል። ብዙ ጊዜ ግን ነጋዴ ክሩን ይሰጠውና ሸማኔው የእጁን ብቻ ይቀበላል። ሱቅ ከምትከፍለው ብር ሸማኔው እጅ የሚደርሰው ትንሹ ነው።

"ልከራከር ወይስ ነውር ነው?" የሚሉኝም አሉ። ሱቅ ላይ ተከራከር፤ ገበያ ነው። ሸማኔው ደጃፍ ድረስ ሄደህ ግን፣ የስንት ቀን ሥራውን ዘርግቶ እያሳየህ ግማሽ ዋጋ አትጥራ። እኔ አፍራለሁ።

የእጅ ሥራ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

ይሄን ከባድ ዋጋ ከፍዬ ነው የተማርኩት። አንድ ዓመት የጥምቀት ዋዜማ ላይ ተጣድፌ ከአንድ ሱቅ ነጠላ ገዛሁ። ሻጩ "ኦሪጂናል፣ የእጅ ሥራ" አለኝ። በማግሥቱ አፄ ፋሲል መዋኛ ጠበሉ ሲረጭ የሁሉም ሰው ልብስ ራሰ። የእኔ ላይ ግን ውኃው ኳስ ኳስ እየሆነ ተንከባለለ። አጠገቤ የነበሩ እናት ዳሰስ አድርገውት "እታለሜ፣ ይሄማ ላስቲክ ነው" አሉኝ። ቤት ገብቼ ከጫፉ አንድ ክር መዝዤ አቃጠልኩት። ቀልጦ ጥቁር ጠጠር ሆነ። ፖሊስተር!

ስለዚህ፦ አንድ ክር ምዘዝና ክብሪት ጫርበት። ጥጥ እንደ ወረቀት ይነዳል፣ ሽታውም የወረቀት ነው፣ ቀላል አመድ ይተዋል። ሰው ሠራሹ ይቀልጣል፣ ይጠጥራል። ሻጩ እሳት ካልፈቀደ ጣትህን አርሰህ ንካው፤ ጥጥ ውኃውን ይመጥጣል። ጀርባውንም ገልብጠህ እይ። የታተመ ጥበብ ከኋላ የደበዘዘ ነው፤ የተሸመነው ግን ክሩ እስከ ጀርባ ድረስ ይታያል። ጨርቁን ወደ ብርሃን አንሳው። የእጅ ፈትል እዚህ ወፈር እዚያ ቀጠን ይላል። ፍጹም አንድ ዓይነት ከሆነ ክሩ የማሽን ነው። የሚያታልለው መሀለኛው ነው፦ ሸማው የእጅ ሆኖ ጥበቡ በማሽን ተሠርቶ የተሰፋበት። ስፌቱን ፈልግ።

ጎንደር ሱቅ የተሰቀለ ሁሉ ጎንደር የተሸመነ ነው?

አይደለም። ብዙው ከአዲስ አበባ ይመጣል፤ በተለይ ከሽሮ ሜዳ፣ ከጋሞ ሸማኔዎች እጅ። እነሱ ከደቡብ፣ ከጋሞ ደጋ ሙያቸውን ይዘው የመጡ ናቸው፣ ዶርዜ የሚለው ስም ከሽመና ጋር የተጣበቀውም ለዚህ ነው። ሥራቸው ግሩም ነው። ግን የጎንደር ሸማኔ የሠራውን እፈልጋለሁ ካልክ ጠይቅ። "የማን እጅ ነው?" በል። ሐቀኛ ነጋዴ ይነግርሃል።

ለጥምቀት መቼ ላዝዝ?

ጥምቀት ጥር 11 ነው፣ ታቦታቱ ለከተራ የሚወርዱት ጥር 10። ልብሱን ጥር 9 የሚያስብ ሰው እንደ እኔ ላስቲክ ይለብሳል። ሰፊ ጥበብ ከፈለግክ ጥቅምት ላይ እዘዝ፤ ቢዘገይ ኅዳር። ከሸማኔው በኋላ ልብስ ሰፊውም ወረፋ አለው። ታኅሣሥ ላይ ደግሞ ልደት አለ፣ የጥር ሠርግም ይደርሳል፣ ሁሉም ሰው አንድ ሸማኔ ላይ ነው የሚወርደው። ቀብድ ስጥ፣ ቀለሙን በክር አሳየው። "ቀይ" ብቻ ብለህ አትሂድ፤ የሱ ቀይና የአንተ ቀይ ላይገናኙ ይችላሉ።

እንዴት ይታጠባል?

በእጅ፣ በቀዝቃዛ ውኃ፣ በለስላሳ ሳሙና። በረኪና ጥበቡ ላይ እንዳታስነካ። መጀመሪያ ቀለሙ ይለቅ እንደሆነ ለማየት የጥለቱን ጫፍ በነጭ ጨርቅ አርጥበህ ጭመቀው። ከለቀቀ ብቻውን፣ ቶሎ ቶሎ እጠበው፤ ዘፍዝፈህ አትደር።

አትጠምዝዘው፣ ተጫነው። ጋቢና ቡሉኮ እርጥቡን በአንድ ጫፍ ከሰቀልከው ክብደቱ ራሱ ይጎትተውና ቅርጹ ይጠፋል። ገመድ ላይ እኩል አድርገህ አጋድመው፣ ባለ ጥበቡን ጥላ ላይ። ከመጀመሪያው እጥበት በኋላ ትንሽ መሰብሰቡ አይቀርም፤ ጥጥ ነውና። ስለዚህ ቀሚስ ስታሰፋ ሸማው አስቀድሞ ታጥቦ እንደሆነ ሰፊውን ጠይቀው። እናቶቻችን ሳሙና ሳይመጣ በእንዶድ ነበር የሚያጥቡት፤ ነጭነቱን የሚያስታውሱ አሁንም በናፍቆት ያወሩታል።

ነጠላ ስለብስ ጥለቱ ወዴት ይሁን?

በአዘቦትና በደስታ ቀን ጥለቱ ወደ ታች ይወርዳል። በሐዘን ይገለበጣል፤ ጥለቱ ወደ ላይ፣ ወደ አንገት ይሆናል። ለቅሶ ቤት ገብተህ ማን የቅርብ ዘመድ እንደሆነ ሳትጠይቅ ከነጠላው ታውቃለህ። ስለዚህ በበዓል ቀን ሳታስተውል ገልብጠህ እንዳትወጣ። "ማን ሞተብህ?" ትባላለህ።

ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ነጠላው በሁለቱም ትከሻ ላይ መስቀለኛ ይጣፋል። ወገብ ላይ መታጠቅ ደግሞ ማደግደግ ይባላል፤ ድሮ በጌታው ፊት የሚቆም ሰው የሚያደርገው፣ ዛሬም ድግስ የሚያስተናግድ ሰው የሚያደርገው ነው። ሸማ በየፈርጁ ይለበሳል የተባለው በከንቱ አይደለም።

ጎንደር ውስጥ ሸማኔ የት ላግኝ?

ሱቅ ከሆነ ፒያሳና አራዳ አካባቢ አለ። ቅዳሜ ገበያም ክርም ጥጥም ልብስም ይገኛል። ሸማኔውን ራሱን ከሆነ የፈለግከው፣ አዲስ ዓለም ሰፈር ወርደህ ጠይቅ፤ የከተማው የድሮ የሙስሊም ሰፈር ነው፣ ሽመናውም ዕድሜ ጠገብ ነው። ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ጥቂት ኪሎ ሜትር ወጣ ብላ ደግሞ ወለቃ አለች። ሸክላዋ ይበልጥ ይታወቃል፣ ሽመናም አለ። ሴቶች የእጅ ሥራ የሚሠለጥኑበት ማዕከልም እዚያው ይገኛል።

አርብ ቀትር ላይ አዲስ ዓለም አትሂድ፤ ጁምዓ ነው። ክርስቲያን ሸማኔ ጋ ደግሞ የበዓል ቀን አትሂድ። ቤት ውስጥ ስለሆነ የሚሠሩት በር ላይ ቆመህ "እንደምን ዋላችሁ" በል፣ ዝም ብለህ ካሜራ አትደቅን።

ለምንድን ነው የጎንደር ሸማኔዎች በአብዛኛው ሙስሊሞችና ቤተ እስራኤሎች የነበሩት?

መሬት ነው መልሱ። በዚያ ዘመን ክብርም ኑሮም ርስት ነበር። ሙስሊሙም ቤተ እስራኤሉም ርስት እንዳይኖረው ተከልክሏል። መሬት የሌለው ሰው በእጁ ይኖራል፣ ወይ ይነግዳል። ሙስሊሙ ወደ ንግድና ሽመና፣ ቤተ እስራኤሉ ወደ ብረት፣ ሸክላ፣ ግንበኝነትና ሽመና ሄደ።

አፄ ፋሲል ጎንደርን በ1636 እ.ኤ.አ. ከቆረቆሩ በኋላ ከተማዋ እያደገች ስትመጣ፣ የልጃቸው የቀዳማዊ ዮሐንስ ጉባኤ በ1668 እ.ኤ.አ. ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲሰፍሩ ወሰነ። የሰፈር ካርታው የተሳለው ያኔ ነው፤ ላይ ቤተ መንግሥቱና አድባራቱ፣ ታች የሙስሊሙ ሰፈር። ይሄን ሳስብ ሁሌ አንድ ነገር ይደንቀኛል። ላይኛው ሰፈር ጥምቀት የሚወርድበትን ነጭ ልብስ የሸመነው ታችኛው ሰፈር ነው። አብሮ አይበላም፣ ግን ለብሶት ታቦት ያጅባል።

ቤተ እስራኤሎቹ ዛሬ በአብዛኛው የሉም። በ1977 ዓ.ም. በዘመቻ ሙሴ፣ በግንቦት 1983 ዓ.ም. ደግሞ በዘመቻ ሰለሞን ወደ እስራኤል ሄዱ። በሁለተኛው በአንድ ቀን ተኩል ከ14,000 በላይ ሰው ነው የተጓዘው። ወለቃን አስጎብኚዎች አሁንም "የፈላሻ መንደር" ይሏታል። ስሙን ባለቤቶቹ አይወዱትም፤ ቤተ እስራኤል በል። ዛሬ እዚያ ሸክላና ሸማ የሚሠሩት በአብዛኛው በኋላ ሙያውን የያዙ ጎረቤቶች ናቸው።

ሴት ትሸምናለች?

በልማድ ሴት ትፈትላለች፣ ወንድ ይሸምናል። ሴት ጉድጓድ ላይ አትቀመጥም ይባል ነበር። ምክንያቱን ስትጠይቅ ሁሉም የተለያየ ነገር ይነግርሃል፣ እኔም አንዱን እንኳ አላመንኩም። አሁን የሚሸምኑ ሴቶች አሉ፤ ከመሬት በላይ የሚቆመው ዕቃም ረድቷቸዋል።

ግን ስለ ፈታይዋ ማንም አይጠይቅም። የሸማው ስም የሸማኔው ነው። የፈተለችው ሴት ስም የትም አይጠራም፤ ቡና እያፈላች ነዋ የምትፈትለው፣ ሥራ አይመስልም።

ሸማኔ ለምን ይናቅ ነበር? አሁንስ?

ሸማኔን "ቁጢት በጣሽ" ብለው ይሰድቡት ነበር፤ ቀጥቃጩን ጠይብ፣ ነጋዴውንም ፋቂውንም በየስሙ። ነገሩ እንዲህ ሥር የሰደደ ስለነበር ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሥራው የሚሰድብ እንዲቀጣ አዋጅ አስነግረዋል። ሸማኔውም በስም ተጠርቶ አለበት። ንጉሡን እንዲህ እንዲሉ ያደረጋቸው ሰው ስድብ ፈርቶ ሙያ መሸሹ ነው።

አሁን ፊት ለፊት የሚሰድብ የለም። ሲጋቡ ግን ዘር መቁጠሩ ሙሉ በሙሉ አልጠፋም። የማውቃት ልጅ እጮኛዋን ለቤተሰብ ስታስተዋውቅ "አባቱ የጨርቅ ነጋዴ ናቸው" አለች። ሰውየው ሸማኔ ናቸው። በሠርጉ ቀን ያ ሁሉ ዘመድ የለበሰው የእሳቸውን ሥራ ነበር።

ጎንደር ውስጥ ሐር ተሸምኖ ነበር የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው፣ ማስረጃው ግን ጎንደር የለም። በ18ኛው መቶ ዘመን በጎንደር የተሠሩ ትላልቅ የሐር መጋረጃዎች አሉ፤ የቤተ ክርስቲያን ናቸው። አንዱ ለንደን ብሪቲሽ ሙዚየም፣ ሌላው ካናዳ ቶሮንቶ ሮያል ኦንታሪዮ ሙዚየም ነው ያለው። የለንደኑ ከ5 ሜትር በላይ ይረዝማል፤ ላዩ ላይ የቤተ መንግሥት ሰዎች ተሸምነውበታል። በ1868 እ.ኤ.አ. ከመቅደላ ዘመቻ ጋር ነው የወጣው።

የተሠራበት መንገድ ከዛሬው የጉድጓድ ሽመና የተለየ ነው። በትናንሽ ሰሌዳዎች ነው፤ ማዕዘናቸው ላይ ቀዳዳ አለ፣ በእያንዳንዱ ቀዳዳ አንድ ክር ይገባል። ሰሌዳዎቹ ሲዞሩ ክሮቹ ይጠማዘዙና አፍ ይከፍታሉ። ብዙ ጊዜ በዚህ መንገድ የሚሠራው ቀጭን ቀበቶ ነው። በመቶ የሚቆጠሩ ሰሌዳዎችን ጎን ለጎን ደርድሮ ግድግዳ የሚያክል መጋረጃ ማውጣት ሌላ ዓለም ነው። ሐሩም ከውጭ የመጣ ነው። ለአንድ ሸማኔ ፎቶውን በስልኬ አሳየሁት። እያሰፋ፣ እያሳነሰ ረጅም ጊዜ አየው። "ይሄን የሠራ ሰው ዓይኑ ደህና ነበር?" ብቻ ነው ያለኝ።

የሸማኔ ልጆች ለምን አይሸምኑም?

የአባታቸውን ወገብ ስለሚያዩ። ከጠዋት እስከ ማታ ጎንበስ ብሎ መዋል፣ ጉልበት፣ ዓይን፣ ከዚያም በወር መጨረሻ የክር ዕዳ። ባጃጅ ቢይዝ የዕለቱን ማታ ኪሱ ይከታል። ላይ በጠቀስኩት ፖሊስተር ላይ ደግሞ ሸማኔው በዋጋ ሊወዳደር አይችልም።

ማኅበር ያደራጁ አሉ፣ ዕቃ የተሰጣቸውም አሉ። በእኔ እይታ የሚያዋጣው ደንበኛው ቀጥታ ሸማኔው ጋ ሲደርስ ነው፤ በቴሌግራም ፎቶ እየላከ ትእዛዝ የሚቀበል ወጣት አይቻለሁ፣ ደህና ይሠራል። ሌላው ቤት ደግሞ ጉድጓዱን በጣውላ ከድነው ሶፋ አስቀምጠውበታል። እንግዳ ሲቀመጥ ጣውላው ይንጫጫል።

መማር ብፈልግስ?

ልጅ ሆነው የሚጀምሩት ቀሰም ላይ ማግ በመጠቅለል ነው። ቀጥሎ የተበጠሰ ክር መቀጠል ይማራሉ፤ ቋጠሮው ጨርቁ ላይ እንዳይታይ ማድረግ ራሱ ወራት ይፈጃል። ከዚያ ተራ ሸማ፣ ከዚያ ጥለት፣ መጨረሻ ጥበብ። በቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ በኩል የሚሰጥ ሥልጠናም አለ፣ ግን እጅ የሚፈታው ከሸማኔ ጎን ሲቀመጡ ነው።

እኔ ሞክሬዋለሁ። አዲስ ዓለም አንድ የማውቃቸው ሽማግሌ ለምኛቸው ቦታቸውን ለቀቁልኝ። እግሬን አስገባሁ፣ ረገጥኩ፣ ወረወርኩ። መወርወሪያው አፉን ስቶ ድሩ ውስጥ ገባና አምስት ክር በጠሰ። ሽማግሌው ምንም አላሉም። ጎንበስ ብለው ክሩን አንድ በአንድ ሲቀጥሉ ግማሽ ሰዓት አለፈ። እስካሁን ስሄድ ቡናው ይፈላልኛል፣ ወሬውም አለ። ወንበሬን ግን ከጉድጓዱ ራቅ አድርገው ነው የሚያስቀምጡልኝ።